የድህነት ምስክር

ልብስ ሰፊዋን ጎረቤቶቿ «እመቤት» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት ከታች ፎቅ ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት፤ በፍቅር ይሁን በቅናት እሷም አታውቀው። ሰፊዋ ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ከፍቷት ታይታ አታውቅም። ካፖርቷ የተተኮሰ፣ ጫማዋ የተወለወለ። ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏ እስከ አፉ ሞልቶ ነው፤ ውስጡ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሆኑን ግን ከልጇ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጦሟን በዋለች ቀን ደግሞ በረንዳ ላይ ትወጣና በስንጥር ጥርሷን ትጎረጉራለች። እንዲያውም ከልብስ ስፌቱ ይልቅ የተካነችው ገመና በመሸፈኑ ሙያ ነው።

ታዲያ ልጅቱ ኮሌጅ አለፈች። ደስታው ግን ክፍያውን እስኪሰሙ ብቻ ነበር። መንግሥት ለችግረኛ ልጆች የትምህርት ድጎማ ይሰጣል ተባለና እናትና ልጅ ፎርም ሊያመጡ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ያለው ጸሐፊ ወረቀቱን ሰጣቸው።

«ሦስተኛውን ገጽ አስሞልተው ይምጡ፣ እናቴ። ሁለት ጎረቤት ድሃ መሆንዎን መስክረው ይፈርማሉ። እስከ አርብ ብቻ ነው።»

«ድሃ መሆኔን?»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ካፖርቷን አየ። «ለራስዎ ልጅ ነው ወይስ ለሠራተኛዎ?»

መጀመሪያ የሄደችው ፊት ለፊት ካለው ጡረተኛ አስተማሪ ዘንድ ነው። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እመቤት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን ‹አትዋሹ› ስል ኖሬ፣ በስተርጅና በሐሰት ልፈርም?»

«ሐሰት አይደለም፣ ጋሼ።»

«የስፌት መኪናሽ ከጧት እስከ ማታ ሲንጣጣ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። ሥራ የሞላው ሰው ድሃ ነኝ ሲል ፈጣሪም ይቆጣል።»

ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ደግሞ የደንበኛ ፀጉር በግማሹ ተኩሳ ሳለች ደረሰችባት።

«አንቺ ድሃ ከሆንሽ እኛ ምንድን ነን? ለማኝ? አይ እትዬ፣ ከድሃ ልጅ አፍ መንጠቅ ይቅርብሽ። ነውር ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ሰፊዋ። ልማድ ሆኖባት ነው። ፎርሙን አጣጥፋ ወጣች።

ቤት ስትገባ ልጅቱ እንዳየቻት ገባት። «እማዬ፣ ጥሪያቸውና ይዩት።»

«ምኑን?»

«የሌለውን ነዋ።»

«ስሞት ያዩታል።»

«ያኔማ ምዝገባው ያልፋል።»

ሁለት ቀን እንቢ አለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጅቱ ደብተሮቿን በገመድ ጠፍራ፣ ለባለሱቁ መጠቅለያ እንዲሆኑ ልትሸጣቸው በር ሥር ስታስቀምጥ አየቻት። ካፖርቷን ደርባ፣ ለለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ ሄዳ ጎረቤቶቿን ጠራች።

አስተማሪው ባለችው አንድ ወንበር ተቀመጠ፤ ፀጉር ሠሪዋ ቆመች። ሰፊዋ የዕቃ ቁም ሣጥኑን ከፈተችው። ሳህኖቹ ታጥበው ተደርድረዋል፤ ከጨው በቀር የሚበላ የለም። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርገጥ ጀመረች። መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ክሩ ይታይዎታል?»

አስተማሪው አጎንብሶ ፈለገ። ክር የለም። ጨርቅም የለም።

«ሰው የተሰፋ ልብስ ከሱቅ መግዛት ከጀመረ ወዲህ በሳምንት አንድ ዚፕ ከመጣልኝ ነው። መኪናው ዝም ካለ ትጠረጥራላችሁ ብዬ ነው የምረግጠው።»

አስተማሪው እስክሪብቶውን አውጥቶ ፈረመ። ፀጉር ሠሪዋ ግን ገነፈለች።

«አንቺ ሴት! ‹እሷ ብቻዋን እንዲህ ስትኖር አንተ ምን ይዞህ ነው› እያልኩ ስንት ዓመት ባሌን ቁም ስቅሉን ሳሳየው! አሁን እሱን ማን ይክሰው?»

እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን አዙራ ፈረመች። ፎርሙ አርብ ጧት ገባ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ወር ለሰፊዋ ከረሃቡ የባሰ ነበር። አስተማሪው እንደ ታማሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላታል። ፀጉር ሠሪዋ የተከደነ ሳህን በር ላይ አስቀምጣ ትሮጣለች። ያ ቀጥ ያለ አንገት ጎበጠ።

በወሩ ውጤቱ በመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ፣ በመንገዱ በኩል ተለጠፈ፤ «የችግረኛ ተማሪዎች ስም ዝርዝር» ይላል፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል። ልጅቱ በጣቷ እየተከተለች ወረደችና «አለሁ! እማዬ፣ አለሁ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ሰፊዋን ከጫማዋ እስከ ካፖርቷ አንገትጌ ለካቻት።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይቺ ናት ችግረኛ? ዘመድ ያለው እንዲህ ነው፤ የኛ ልጆች ደጅ ይጠናሉ!»

«ባለሥልጣን ወንድም ሳይኖራት አይቀርም» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

ልጅቱ ፊቷ ቀልቶ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ እናቷ ክርኗን ይዛ ጎተተቻት። መንገዱን እስኪሻገሩ አልለቀቀቻትም።

«እማዬ፣ ሌባ እኮ ነው ያሉሽ!»

«ሰምቻለሁ» አለች ሰፊዋ። አንገቷ ቀና ብሏል። «ባለሥልጣን ወንድም አላት አሉ እኮ! ተያቸው፣ ይበሉ።»