የሟሟ ነገር አይሳልም

ጋሽ መርዳሳን የማውቃቸው በስኳር በሽታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በአዳማ ማዘጋጃ ቤት ካርታ ሲስሉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ስኳሩም ተከትሏቸው ወጣ። ክሊኒካችን መጀመሪያ የመጡ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው "ሲስተር የለችም?" ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። ዓይናቸው ደብዝዟል። ሐኪሙ ስኳሩ ካልወረደ ዓይናቸው ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል በግልጽ ነገራቸው።

"የሚበሉትን ሁሉ ይጻፉልኝ" ብዬ ደብተር ሰጠኋቸው።

"መሳል ይቻላል?"

"ከፈለጉ ይዝፈኑት፤ ብቻ የሚገባው ሁሉ ይግባ።"

በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። በየገጹ የዕለቱ ምግብ ተስሏል፤ ከሥሩ ሦስት መስመር ግጥም አለ። ልጃቸው ኤቢሴ የጃፓኖችን አጭር ግጥም በስልኳ አሳይታቸው ኖሯል፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ቦታ ይዞታ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ፊደል ብለው ለክተው ይዘዋል። የሰኞዋ ድስት ጢም አላት።

ሽሮው ፈላ
ድስቱ ያወራል
ሁሉም ዝም

ማክሰኞ ካፖርት የለበሰ ጎመን። ረቡዕ ሰልፍ የያዘ የገብስ ቆሎ። እኔ ራሴ እንደዚህ ተጠንቅቄ በልቼ አላውቅም። ጣታቸውን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ጭራሽ አልወረደም።

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ እየዋሹኝ ነው!"

እሳቸውም ተቆጡ። "በሠላሳ ዓመት የሌለ መንገድ ስዬ አላውቅም!"

ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። በየገጹ ጥግ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ውስጡ ማንኪያ ቆሟል።

"ይሄ ማንኪያ ምን ይሠራል?"

"ያማስላል።"

"ምኑን?"

"ስኳሩን ነዋ። አራት ማንኪያ።"

"በቀን ስንት ብርጭቆ?"

"ስድስት።"

"ታዲያ ስኳሩ የታለ?"

"ሟሟ። የሟሟ ነገር እንዴት ይሳላል?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ከዛሬ ጀምሮ ስኳሩን ሳይሟሟ፣ ማንኪያው ላይ እንዳለ እንዲስሉት አዘዝኳቸው። ባለሙያ ናቸውና ፍሬ በፍሬ መሳል ጀመሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፉ እንደነገሩኝ፣ የመጀመሪያው ማንኪያ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ቀን "ከመሳል መተው ይቀላል" ብለው ስኳሩን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ከወር በኋላ መጡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብርጭቆው ብቻውን ነው።

መራራ ሻይ
ማንኪያ ቦዘነ
ዓይኔ አየ

ለካሁ፤ መቶ አርባ። መዝግቤ ቀና ስል ጋሽ መርዳሳ ከወንበራቸው ሳይነሱ እየሳሉ ነው። ተቀብዬ አየሁት። የተኮሳተረች ነርስ ናት፣ እኔ ነኝ። የጋውኗ ሁለተኛ ቁልፍ በጥቁር ክር ተተክሏል።

ወደ ደረቴ ዝቅ ብዬ አየሁ። እውነት ነው። ባለፈው ወር ነጭ ክር ጠፍቶብኝ ነበር።

"ቁልፍሽን በወጉ ትከይው እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ።

ከደስታዬ ብዛት ማልቀስ አማረኝ፤ "የሚቀጥለው!" ብዬ ጮህኩ።

ነጭ ክሩን ገዝቻለሁ። ቁልፉን ግን እስካሁን አልነካሁትም።