ባለ መቋሚያው ሰውዬ

እኔ ጥንቁቅ ሴት ነኝ። በጾም ወራት ወተት አለበት የለበትም ብዬ የብስኩቱን ጀርባ በመነጽር ሳላነብ አልገዛም። በዚህ ጥንቃቄዬ ነው እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ ለአንድ ዘፋኝ እጅ የነሳሁት።

ሮተርዳም አጠገብ፣ ሆግቭሊት በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እህል አልቀምስ ያሉ አንድ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ አሉ። በመርከብ ሥራ መጥተው፣ እዚሁ አግብተው የቀሩ ናቸው። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠሉ ይህን ብርድ አይሻገሩም» ብሎናል። ግድግዳቸው ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ቆብ ደፍተዋል፣ ጠመዝማዛ በትር ተደግፈዋል። ቀሚስ፣ ቆብ፣ መቋሚያ። ሌላ ምን ማስረጃ ልጠብቅ? የአገራቸው ካህን ናቸው ብዬ ጠዋት ጠዋት ስገባ ጎንበስ እላለሁ።

ሽማግሌው ፎቶውን እያዩ የሚያንጎራጉሯት አንዲት ዜማ ነበረች። ረጋ ያለች፣ ለጸሎት የምትሆን። አንድ ቀን ማንኪያውን እንደያዝኩ አብሬያቸው ሳዜም አፋቸውን ከፈቱ። ሾርባው አለቀ። የጸሎት ኃይል ነው ብዬ ለባልደረቦቼ ሁሉ ሰበክሁ።

ታዲያ ልጃቸው ከአምስተርዳም ልትጠይቃቸው መጥታ፣ ለፎቶው ጎንበስ ስል አየችኝ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም። ቄሳችሁን ሰላም እያልኩ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ ሰውዬው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ቲያትር ቤት እየዘፈነ ሕዝብ የሚያስቅ ኖሯል! ዜማዋም የሱ ናት፤ የፍቅር ዘፈን።

«አባቴ በዚህ ሰውዬ እንደተቃጠለ ነው የኖረው» አለችኝ። «ስኮትላንዳዊ ነኝ ባለ ቁጥር ‹ቀሚስህስ? ቆጣቢም ነህ አይደል?› ይሉታል። ስኮትላንዳዊ ማለት ይህ ነው ብሎ ለዓለም ያስተማረው እሱ ነው። ፎቶውን አውርድ ስለው ደግሞ ይቆጣኛል።»

እኔንም አገሬን ስናገር «ሯጭ ነሽ?» ይሉኛል፤ አንድ አውቶቡስ ሮጬ ደርሼ አላውቅም። ለሳቸው ቢያንስ ዜማ ቀርቶላቸዋል።

በማግስቱ ዘፈን ኃጢአት ነው ብዬ አፌን ዘግቼ አጎረስኳቸው። ማለቴ፣ ሞከርሁ። ከንፈራቸውን ገጠሙ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ዘፋኙ ሞቶ አጥንቱ ጠፍቶም ሽማግሌውን ሾርባ ያስበላል፤ እኔ በቁሜ የገዛ ልጄን ቁርስ ማስበላት አቅቶኛል።

በሦስተኛው ቀን ሮተርዳም ላሉት የንስሐ አባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ካልዘፈንሽላቸው አይበሉም?»

«አይበሉም፣ አባ።»

«እንግዲያው ዘፍነሽ አጉርሻቸው፣ ልጄ። በሰው ነፍስ አትጫወቺ። ለፎቶው ጎንበስ ላልሽው ግን በየቀኑ አርባ ስግደት።»

ተመልሼ ዘፈንኩ። ሾርባው ሲያልቅ ሽማግሌው አፋቸውን ጠርገው «እስካሁን የት ጠፍተሽ ነው?» አሉኝ፤ ሁለቱን ቀን አጠገባቸው ያልቆምኩ ይመስል።

ስግደቱንም አንድ ሳላጎድል እሰግዳለሁ። በየትኛው ዜማ እንደምቆጥረው አባ አልጠየቁኝም፤ እኔም ጥንቁቅ ሴት ነኝ።