መርፌው ለምን ተኛ?

ዛሬ ቡሬ ልገባ ስል የአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይተፋ ጀመር። በገዛ እጄ የገጠምኩት የሙቀት መለኪያ መርፌ ግን ቀዝቃዛው ላይ ተኝቷል!

ጋሽ ሙላት የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው ሳቁ። ሙቀቱን ለመርፌው የሚነግረውን ሴንሰር የገጠምኩት ውሃው በራዲያተሩ ቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ በሚመለስበት በታችኛው ቱቦ ላይ ነው። (ለእጅ የሚመቸው እሱ ነበራ!)

«ልጄ፣ ተቆጥቶ የወጣን ሰው ሽማግሌ አስታርቆት ሲመለስ አግኝተህ ንዴቱን ልትለካ ነው?» አሉኝ።

ሞተሩ ሲበርድ ሴንሰሩን ነቅለው፣ የጋለው ውሃ ከሞተሩ በሚወጣበት፣ የውሃውን መውጫ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ቴርሞስታት በፊት ገጠሙት፤ የጎደለውንም ውሃ ሞሉ። ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ዳገቱ ላይ መርፌው ቀስ ብሎ ሲነሳ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እጃቸው ይባረክ!

እናንተንስ በአንድ ንግግር ያረመ ባለሙያ አለ? እስቲ ንገሩኝ። እኔ እንደሆን ከእንግዲህ የሰውንም ንዴት የምለካው ከሽምግልናው በፊት ነው።