10,001 ለ73 ይካፈላል

ዛሬ ጂንካ መናኸሪያ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። «መምህር፣ የባሊ እህት ነኝ፣ ከዲመካ። 10,001 ለ73 ይካፈላል ብሎዎታል።»

በደርግ ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም ያለ ቀሪ አይካፈልም አልኩ። ባሊ ተነሳ።

«መምህር፣ እስከ ስንት ሞከሩ?»

«እስከ 71።»

«ደከመዎት እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። «ቁጭ በል!» አልኩት። (ካሬ ሥሩ 100 ገደማ ስለሆነ እስከ 97 ሞክሩ እያልኩ የማስተምረው እኔው ነበርኩ።)

በማግስቱ አገኘሁት፤ 73 ሲባዛ በ137። ልነግረው ስገባ ባሊ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። አልተመለሰም።

መልእክቱ የመጨረሻ ደብዳቤው ላይ ነበር። «ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው የቆየሁት» አለችኝ።

ጠመኔውን ሰጥቼው ሰሌዳው ላይ ሲያካፍለው ባየሁ!

እናንተስ፣ «ልክ ነህ» ሳትሉት የተለያችሁት ሰው አለ? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ።