መርዶ በሬዲዮ

እኔ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ ነበር። ድምፅ የሚቆጣጠረው ኡጋንዳዊ ከመስታወቱ ማዶ፣ ከማጫወቻዎቹ ኋላ ቆሟል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በሩን በትከሻው ደግፎ ሰዓቱን ያያል። ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት የአገሬ ልጅ ደግሞ እንግዳ መቀበያው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሥር ቆማ ነበር፤ በመስታወቱ በኩል ትታየኛለች። ከአራታችን በቀር ሰው አልነበረም።

የሬዲዮ ጣቢያው ናኪቩቦ ሰፈር፣ ከታክሲ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሲከፈት የአየር ሰዓቱን እያከራየ ነበር የሚኖረው፤ ጠዋት ስብከት፣ ከሰዓት በኋላ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ ድራማ፣ ቅዳሜ ከስድስት እስከ ሰባት የእኛ አማርኛ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። የሞት ማስታወቂያም ይመጣልኝ ነበር። የአገሩ ልማድ ነው፤ ሰው ሲሞት በሬዲዮ ያስነግራሉ። መጀመሪያ የሟቹ ስም፣ ቀጥሎ የቀብሩ ቦታ፣ በመጨረሻ «እንዲያውቁ የሚፈለጉት» ተብሎ ዘመዶቹ ይጠራሉ። እኛ ደግሞ መርዶ የምናረዳው ማለዳ፣ በሽማግሌ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን ዓርብ ተቀብዬ ከታች ወደ ላይ አነብባቸው ነበር። ዘመዱ ካምፓላ ካለ ለሽማግሌዎች እደውላለሁ፤ ሄደው ካረዱት በኋላ ብቻ ማስታወቂያውን ቅዳሜ አየር ላይ አውለዋለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ የዘመዱን ሞት መጀመሪያ ከእኔ አፍ የሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ጣቢያው ተሸጠ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከእንግዲህ ሙዚቃ ነው አለ። አንድ ሰዓታችን ወደ ሃያ ደቂቃ ወረደ፤ በዘፈን መሃል ንግግር ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ማስታወቂያም እንደደረሰ በቀጥታ እንዲነበብ ታዘዘ። አስቀድሜ ልያቸው ብዬ ጠየቅሁት። በትሕትና፣ ሬዲዮ ፖስታ ቤት አይደለም አለኝ። ሥራውን መተው እችል ነበር፤ አልተውኩም።

ያን ቅዳሜ ባለ ምግብ ቤቷ የመጣችው የፋሲካ ሥጋ ማስታወቂያ ልታስነብብ ነው። ስገባ ሳመችኝና፣ «እትዬ፣ የኔን ከሙታኑ አርቀው ያንብቡልኝ፤ ደንበኛዬን እንዳያሸሹብኝ» አለችኝ። ሳቅን።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት አምጥቶ ፊቴ አኖረ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሹፌር ትናንት ጂንጃ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ማረፉን፣ ስሙን ከነአባቱ፣ ቀብሩ እሑድ መሆኑን አነበብኩ። ስሙን አላውቀውም። ወደ መጨረሻው መስመር ወረድኩና «እንዲያውቁ የሚፈለጉት፣ ካባላጋላ የምትኖረው እኅቱ» አልኩ። ቀጥሎ የተጻፈው የምግብ ቤቷ ስም ነበር። እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ወንድም እንዳላት አውቅ ነበር፤ ግን ያሳደገችው እሷ ስለሆነች «ልጄ» እያለች ነው የምታወራልኝ፣ ስሙን ጠርታልኝ አታውቅም።

ቀና አልኩ። ድምፅ ማጉያውን አንጋጣ ታያለች። አልጮኸችም። የሥጋ ማስታወቂያዋ እንኳ ከእጇ አልወደቀም። ዝምታው ሲረዝም ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰው ዘፈን ለቀቀ፤ የጭፈራ ዘፈን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ምን ሆንሽ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ።

በሩን ከፍታ ገባች።

«እትዬ፣ እስኪ ይድገሙት» አለችኝ። «ስሙን ብቻ።»

ስሙን ከነአባቱ ደገምኩላት።

«ቀብሩ እሑድ ነው ያሉት?»

«ነገ ነው፣ ልጄ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ሲገባው አዝናለሁ አለ። ቀጥሎም ዘፈኑ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንደቀረው፣ የሚነበብ ሌላ ማስታወቂያም እንዳለ ነገረኝ። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከወለሉ አነሳኋት። ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላትና ክንዷን ይዤ ደረጃውን ወረድን።