የአያ አብዱልሐሊም ማሽን

ነሲባ በየጠዋቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ወንዙ ትወርድና የመስኖውን ቦይ አፍ በዱላ ትወጋዋለች። ዱላው ደለሉ ውስጥ እስከ ግማሹ ይሰምጣል። ክረምቱን መርሳ በጦርነት ተይዛ ስለከረመች ቦዩን የጠረገ ሰው አልነበረም፤ ጎርፍ ያመጣው ሁሉ እዚያው ተቆልሏል። ታኅሣሥ ገብቶ ጦሩ ቢያልፍም ቦዩ እንደተደፈነ ነው። በጀሪካን እያጠጣች ያደረሰችው የሽንኩርት ችግኝ በአሥር ቀን ውስጥ ማሳ ካልገባ ዓመቷ ባዶ ነው።

ከወንዙ እንደወጣች በቀጥታ የውሃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደጅ ትቆማለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አያ አብዱልሐሊም። ዛሬስ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ማሽኑ ይመጣል። ወልድያ ደብዳቤ ልከናል።»

«የወልድያው ቢሮ በሩም ወንበሩም ተዘርፎ የለ! ደብዳቤውን ማን ይቀበላል? ዘበኛው?»

«ዘበኛውም ቢሆን ያደርስልናል።»

«እኛው ብንቆፍረውስ?»

«ልጄ፣ በማሽን የተሠራ በማሽን ነው የሚጠረግ። ሰው ከነካካው ይበላሻል።»

ሰነፍ ሆነው አይደለም። በሊቀመንበርነት ባሳለፉት ሃያ ዓመት ለቀበሌው የተሠራ ነገር ሁሉ በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው፤ በእጅ የሚሠራ ልማት አለ ብለው አያምኑም።

ረቡዕ ጎረቤታቸው ጌትነት ሞተ። የቀብር ዕድሩ፣ የቅሬው ዳኛም እኒሁ አያ አብዱልሐሊም ናቸው። ጉብታው ላይ ወጥተው አንዴ ቢጣሩ ክርስቲያኑም እስላሙም ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ፤ የመቃብሩን ድንጋያማ መሬት በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆፍረው ጨረሱት። የቀረውን ሰው ስም እየጠሩ ቅጣት የጣሉትም እሳቸው ናቸው።

ነሲባ ከቀብር ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አያ፣ ለጌትነት መቃብርም ማሽን ጠይቀው ነበር?»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

«ምን ትላለች ይች! ቀብሩማ የኛ ነው።»

«ቦዩስ?»

«የመንግሥት ነዋ!»

«ሽንኩርቱ ሲደርቅ የሚራበውም መንግሥት ነው?»

«በለቅሶ ቀን!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አካፋ የተሸከመው ዓለምነህ ጣልቃ ገባ። «አያ፣ እርስዎ ከጠሩን እንወጣለን። ካልጠሩን ግን አንዱ አንዱን እያየ ይቀራል።»

«እስከ ዓርብ ማሽኑን እንጠብቀው» አሉ አያ አብዱልሐሊም።

«ኧረ በአላህ!» አለች ነሲባ።

ዓርብ ማሽን አልመጣም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አያ አብዱልሐሊም ጉብታው ላይ ወጥተው ተጣሩ። ሰው ማን ሞተ እያለ ወጣ።

«የሞተ የለም! አካፋ ያዙ!»

ደብዳቤውን ግን አልሻሩትም። ሰኞ ማታ ውሃው የመጀመሪያዎቹ ማሳዎች ደረሰ። የነሲባ ማሳ ቦዩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ተራዋ ሐሙስ ነው።