ከአምስት በታች

የቢሯችን ሰው «ጋሽ ድምር» ይለዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ ሲደምር ስለኖረ ቅጽል ስሙ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ስንት ገባ፣ ስንት ተመረቀ፣ ስንት ተባረረ፣ ስንት ሞተ፤ ሁሉንም ከአሥራ አንድ ኮሌጆች እየለቀመ በየዓመቱ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ያወጣል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የሚሰጠኝን ሠንጠረዥ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ከሬጅስትራር የመጣው ቁጥር በአንድ ተማሪ ከተዛነፈ ምሳ አይወጣም። እኔ ደግሞ ምሳዬን እወዳለሁ፤ በዚህ ብዙ ተኳርፈናል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት እናት መጽሐፉን ይዛ መጣች። «በሞት የተለዩ» በሚለው ዓምድ፣ በልጇ ኮሌጅ ትይዩ፣ «1» ተጽፏል።

«ይሄ የኔ ልጅ ነው» አለች። «ያየ ሁሉ እንዲያገላብጠው ነው የጻፋችሁት?»

ጋሽ ድምር የሚገባበት ጠፋው። ሴትየዋ እንደወጣች ቁጭ ብሎ መመሪያ አረቀቀ፦ ከአምስት በታች የሆነ የሟች ቁጥር በሰረዝ ይተካ፤ ተቀናንሶ እንዳይታወቅም ድምሩ አብሮ ይሰረዝ። ለሰው አዝኖ ነው ያደረገው። አለቃው በዚያው ቀን ፈረመለት። እንኳን በዚያው ቀን በዚያው ወር የሚፈርም ሰው አልነበረም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብን። አንድም ኮሌጅ በዓመት አምስት ተማሪ ቀብሮ ስለማያውቅ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ሰረዝ ብቻ ሆነ።

ዘንድሮ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር የታላቅ እህቱ ልጅ ታመመች። እኛው ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሆዷን በቀኝ በኩል እያመማት የግቢው ክሊኒክ ተሰለፈች። ለሃያ ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው አንድ ሐኪም ነው። ካርድ አውጥታ ሁለት ቀን ተራ ሳይደርሳት ተመለሰች፤ በሦስተኛው ቀን ማስታገሻ ተሰጣት። በአራተኛው ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። የአጎቷ ቢሮ ከክሊኒኩ ሁለት ሕንፃ ቢርቅ ነው። «ሥራ አላስፈታውም» ብላ እንዳልጠራችው ጓደኞቿ ነገሩት። ይህን የነገሩትን ምነው አፋቸውን በያዘው እላለሁ።

ከሐዘን እንደተመለሰ የክሊኒኩን ኃላፊ ሄዶ አነጋገራት። መሳቢያዋን ከፍታ ስድስት ደብዳቤ አወጣችለት። ስድስት ዓመት ተጨማሪ ሐኪም ጠይቃለች፤ ስድስቱንም ዓመት የአስተዳደሩ መልስ አንድ ነው፦ «በዓመታዊው መጽሐፍ የሟች ቁጥር ስለማይታይ ጥያቄው በመረጃ አልተደገፈም።»

«መጽሐፉን የምታዘጋጀው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችው።

ሦስት ቀን መዝገብ ቤት ገብቶ የዘጠኝ ዓመቱን ቅጽ አንድ በአንድ አገላበጠ። ሲወጣ ልብሱ አቧራ ለብሷል።

«ሠላሳ አንድ» አለኝ። «አሥራ ዘጠኙ በሞቱበት ሳምንት ክሊኒክ ካርድ አውጥተዋል።»

መጽሐፉ ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል። ድምሩን ይዞ አለቃው ዘንድ ገባ፤ እኔም ረቂቁን ይዤ ተከተልኩት።

«ሐዘንህ ይገባኛል» አለ አለቃው። «ግን መመሪያው የማነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ የገዛ መመሪያህን ለዘመድህ ስትል ጣስክ ቢሉህስ?»

«መመሪያው ይሻር።»

«ኮሚቴ ይየው። ለከርሞ ይደርሳል።»

ጋሽ ድምር ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ነው የቀረው። ለሱ ከርሞ የለም። ይህን አለቃውም ያውቃል።

ጠረጴዛው ጋ ተመልሶ «ሰረዝ አድርገው» አለኝ።

«እንዴት እንዲህ ትላለህ?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

እየተናደድኩ ሰረዝ አደረግኩት። ንዴቴ ለማንም አልጠቀመም።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ እህቱ ጥቁር ለብሳ መጣች። «እስቲ የሷን አሳየኝ» አለችው። ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰረዝ ነው፣ እታለም። ከአምስት በታች ሲሆን…»

«ስንት ናቸው?»

«በዘጠኝ ዓመት ሠላሳ አንድ።»

«እያወቅክ ነው የሰረዝከው?»

«እያወቅኩ ነው» አላት።

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እስካሁን ያቃጥለኛል።

እህቱ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስታ በሰረዙ ላይ «1» ጻፈችበት። ጠበቅ አድርጋ ስለጻፈችው ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ሳትሰናበተው ወጣች።

ክሊኒኩ ሰባተኛ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ መልስ መጣ። መልሱ ያው ነው፤ ማስረጃ ብለው ያያያዙት ደግሞ የኛን ሠንጠረዥ ነው።